ተነገረን እንጂ አልተስማማንም

አንዲት ፊርማዬ ሁለት ዓመት ሙሉ ስትቆጠቁጠኝ ኖራለች። የፈረምኩት የዋስትና ውል አይደለም፤ ዓርብ ከሰዓት በኋላ በአንድ የስብሰባ ክፍል ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የነበረ የአቴንዳንስ ወረቀት ነው። ተራ ቁጥር፣ ስም፣ የሥራ ክፍል፣ ፊርማ የሚሉ አራት ዓምዶች ነበሩት፤ ከላይ ቀኑ በእስክሪብቶ ተጽፎበታል፤ ከዚያ በቀር አንድም ቃል አልነበረበትም። ስሜ ዘጠነኛው መስመር ላይ ነበር። ከጎኔ የተቀመጠው ባልደረባዬ ወረቀቱን ሲያቀብለኝ ስልኬን እያየሁ ስለነበር፣ ቀና እንኳ ሳልል ጫር አድርጌ አሳለፍኩት።

ጎንደር ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ የአፈር ሳይንስ ያስተማርኩት ግን ከዚህ ርቆ በሚገኝ ዩኒቨርሲቲ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ብጠራው ነገሩ የአንድ ግቢ ሐሜት ሆኖ ይቀራል፣ እኔ ደግሞ በዋናነት የማወራው ስለ ራሴ ነው። በዚያን ጊዜ የትምህርት ክፍሌ መምህራን መርጠው የትምህርት ጉዳዮች ወደሚታዩበት የኮሌጁ ጉባኤ፣ ወደ አካዳሚክ ኮሚሽን፣ ልከውኝ ነበር፤ በግቢው አነጋገር ኤሲ ገብቼ ነበር ማለት ነው። የዚያን ዓርብ ከሰባቱ አጀንዳዎች አምስተኛው፣ የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎቻችን የሦስት ሳምንት የመስክ ልምምድ ወደ አራት ቀን ዝቅ ማለቱን የሚመለከት ነበር። ሰብሳቢያችን የነበሩት ዲን ጉዳዩን ያቀረቡት «ለመረጃ ያህል» ብለው ነው። የተሽከርካሪና የነዳጅ በጀት መጥበቡን፣ አቅጣጫውም ከበላይ የወረደ መሆኑን ገለጹ። አንድ መምህር ጉሮሮውን ጠረገ፤ ሊናገር ነው ብለን ስንጠብቅ ውኃ ጠጣና ዝም አለ። ወደ ስድስተኛው አጀንዳ ተሻገርን። ነገሩ ሁሉ ከአራት ደቂቃ አይበልጥም።

ሦስት ወር ገደማ ቆይቶ አንዲት ተማሪ ቢሮዬ መጣች። «መምህር፣ የመስክ ልምምዳችን ለምን ተቀነሰ?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም ሁላችን የምንለውን አልኳት፦ ከበላይ የመጣ ነው፣ እኛም አልተደሰትንበትም። ልጅቷ ስልኳን አወጣችና ከማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ያነሣችውን ፎቶ አሳየችኝ። ደብዳቤው «የኮሌጁ አካዳሚክ ኮሚሽን በጉዳዩ ላይ በስፋት ከተወያየ በኋላ በሙሉ ድምፅ ያጸደቀው በመሆኑ» ይላል። «መምህር፣ እርስዎ አባል አይደሉም እንዴ?» አለችኝ፤ የጠየቀችው በየዋህነት ነበር።

ቃለ ጉባኤውን ጠይቄ አየሁት። ሁለት ገጽ ነው። ከሁለተኛው ገጽ ጀርባ በስቴፕለር የተያያዘው ያ አቴንዳንስ ነበር። «ተገኝቻለሁ» ብዬ የፈረምኩት፣ እዚያ ሲያያዝ «ተስማምቻለሁ» ሆኖ ይነበባል።

ጉድጓዱ ውስጥ የሚታየው

ሦስት ሳምንት ለምን እንደሚያስፈልግ ለማያውቅ ሰው ላስረዳ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነውና። የአፈርን ዓይነት በእጅ መለየት የሚማር ተማሪ እፍኝ የማይሞላ አፈር ይወስዳል፤ ውኃ ጠብ ጠብ እያደረገ እንደ ሊጥ ያሸዋል፤ ከዚያም በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል እየገፋ እንደ ጥብጣብ ያወጣዋል። ጥብጣቡ 2.5 ሴንቲ ሜትር ሳይደርስ ከተቆረጠ በአፈሩ ውስጥ ያለው ሸክላ ጥቂት ነው፤ ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ ሳይበጠስ ከተንጠለጠለ አፈሩ ሸክላማ ነው። ሲነገር ቀላል ነው። በመጀመሪያው ቀን ግን ሁሉም ይሳሳታል፤ አንዱ ውኃ ያበዛል፣ ሌላው ሳያሽ ይገፋል፣ ሦስተኛው ከጓደኛው ይኮርጃል። በአምስተኛውና በስድስተኛው ቀን መጠራጠር ይጀምራሉ። ሁለተኛው ሳምንት ሲያልቅ ጣታቸው ራሱ ማወቅ ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ አፈር ሲነኩ ፊታቸው ላይ የሚታየውን እርግጠኝነት የትኛውም የክፍል ፈተና አሳይቶኝ አያውቅም።

ጉድጓዱ ደግሞ አለ። የደምቢያን ሜዳ በበጋ የተሻገረ ሰው ዋልካ የሚባለው ጥቁር ሸክላማ አፈር እንዴት እንደሚሰነጣጠቅ ያውቃል፤ ክረምት ሲገባ ያ ሁሉ ስንጥቅ አብጦ ይዘጋል። በየዓመቱ ሲያብጥና ሲኮማተር ከሥር ያለው አፈር እርስ በርሱ ይፋተጋል፤ ከመፋተጉ ብዛት ተወልውሎ የሚያብረቀርቅ ገጽ ያወጣል። የሕንፃ መሠረት የሚያነቃንቀው፣ የውኃ ቱቦ የሚሰብረው፣ አጥርን የሚያዘምመው እንቅስቃሴ ምልክቱ ያ ገጽ ነው። ተማሪው ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ግድግዳውን በቢላ ልጦ፣ ብርሃኑ በትክክለኛው አቅጣጫ ሲወድቅበት ካላየው በስላይድ ሊገባው አይችልም። በአራት ቀን ጉድጓዱ ተቆፍሮ ያልቃል፤ ለማየት ጊዜ የለም።

ይህን የሚያውቀው ማን ነው? ዲናችን ጥሩ የምጣኔ ሀብት ምሁር ነበሩ፤ ጥብጣቡ በስንተኛው ቀን መውጣት እንደሚጀምር ግን ሊያውቁ አይችሉም፣ እንዲያውቁም አይጠበቅባቸውም። የፋይናንስ ኃላፊው ከእሳቸውም የራቀ ነው። ከሚኒስቴሩ የወረደው ሰርኩላርም ስለ በጀት ቁጠባ በጥቅሉ እንጂ ስለ አፈር አያወራም። በዚያ ክፍል ውስጥ ከነበርነው ሰዎች ሁሉ ይህን የማውቀው እኔ ነበርኩ፤ እኔ ደግሞ ስልኬን እያየሁ ነበር።

መምህር በዩኒቨርሲቲ አስተዳደር ውስጥ ድርሻ ይኑረው ሲባል ብዙ ሰው የክብር ጥያቄ አድርጎ ያየዋል። ለብዙ ዓመታት እኔም እንደዚያ ነበር የማየው፤ የተማረ ሰው አይታዘዝም ዓይነት ነገር። አሁን ግን ጥያቄው በጣም ጠባብና በጣም ተግባራዊ መስሎ ይታየኛል፦ ውሳኔው የሚመለከተውን ነገር በእጁ የሚያውቀው ሰው ውሳኔው ሲወሰን እዚያ ነበረ ወይስ አልነበረም?

አሜሪካኖች በ1966 እ.ኤ.አ. የዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰሮች ማኅበር ከተቋማትና ከቦርዶች ማኅበራት ጋር ሆኖ ባዘጋጀው መግለጫ ይህን ድርሻ ከፋፍለው አስቀምጠውታል። ሥርዓተ ትምህርት፣ የማስተማር ዘዴ፣ ምርምር፣ የመምህራን ቅጥርና ዕድገት በቅድሚያ የመምህራኑ ኃላፊነት ነው ይላል፤ በጀትና ሀብት ሲደለደል ግን ቦርዱም፣ ፕሬዚዳንቱም፣ መምህራኑም ድርሻ አላቸው። እኔን የሚማርከኝ ከዚያ ቀጥሎ ያለው ነው፤ ቦርዱ ወይም ፕሬዚዳንቱ በእነዚህ ጉዳዮች የመምህራኑን ሐሳብ ውድቅ ማድረግ ይችላሉ፣ ነገር ግን አልፎ አልፎ ብቻና ምክንያቱን ለመምህራኑ አሳውቀው። ዩኔስኮም በ1997 እ.ኤ.አ. ባወጣው የከፍተኛ ትምህርት መምህራንን የሚመለከት ምክረ ሐሳብ፣ መምህራን በአስተዳደር አካላት የመሳተፍ፣ የተቋማቸውን አሠራር የመተቸትና በአካዳሚክ አካላት ውስጥ አብላጫውን ተወካይ የመምረጥ መብት ሊኖራቸው ይገባል ብሏል። ኢትዮጵያም የዩኔስኮ አባል ናት።

ምስክር ቤት

ሆኖም ጎንደር ያደገ ሰው ይህን ሐሳብ ከዩኔስኮ መቀመጫ ከፓሪስ መጠበቅ አያስፈልገውም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት የአቋቋም ምስክሩ ጎንደር በአታ ነው፤ የድጓው ቤተልሔም፣ የዝማሬ መዋሥዕቱ ዙር አባ። ደቀ መዝሙሩ በየትም አገር፣ ከየትኛውም መምህር ሊማር ይችላል፤ «ዘልቋል» የሚባለው ግን ምስክር ቤቱ ሄዶ፣ በዚያ ሙያ የታወቁት መምህር ፊት ቆሞ ሲያስመሰክር ነው። ንጉሥ ርስት ይሰጣል፣ ሹመት ይሰጣል፣ ይሽራል። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ በተባለበት ዘመን እንኳ ድጓ የሚያስመሰክረው መምህሩ ነበር።

ከዚህች ከተማ ሰፈሮች የአንዱ ስም እስከ ዛሬ እጨጌ ቤት ነው፤ የሌላው አቡን ቤት። ልጅ ሳለሁ ዝም ብሎ ስም ይመስለኝ ነበር። የመነኮሳቱ አለቃ የእጨጌው ሰፈር መማፀኛ እንደነበረ፣ ከቤተ መንግሥቱ ቁጣ የሸሸ ሰው እዚያ ከገባ እንደሚድን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ከፋሲል ግቢ እዚያ ድረስ በእግር ሩቅ አይደለም። ያን ሥርዓት አላሞካሸውም፤ በደሉም ብዙ ነበር፣ ሊቃውንቱም ስለ ሃይማኖት ሲከራከሩ ጉባኤውን የሚጠራውና ክርክሩን የሚቋጨው ብዙ ጊዜ ንጉሡ ነበር። ግን ሥልጣን ዳር ድንበር እንዳለው፣ አንዱ የሌላውን ደጅ እንደማያልፍ በከተማው አሠራር ላይ ተጽፎ ይታያል።

ወደ ዘመናችን ስመለስ ሕጉ ራሱ መጥፎ አይደለም ማለት ይቻላል። ከአዋጅ ቁጥር 351/1995 ጀምሮ፣ በ650/2001 እና አሁን በሥራ ላይ ባለው 1152/2011 የአካዳሚክ ነፃነት ተደንግጓል፤ ሴኔት በአካዳሚክ ጉዳይ ዋናው አካል ነው ይላል። ነገር ግን ሴኔቱን የሚሰበስበው ፕሬዚዳንቱ ነው፤ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ደግሞ የሚሾመው በሚኒስትሩ ነው። እኔ የነበርኩበት ኮሚሽንም የዚያ ቅጂ ነበር፦ ሰብሳቢው ዲን፣ አባላቱ በአብዛኛው በዲኑ አቅራቢነት የተሾሙ የትምህርት ክፍል ኃላፊዎችና አስተባባሪዎች፣ በምርጫ የመጣነው ጥቂቶች። የሰብሳቢውን ሐሳብ የሚቃወመው ሰው የቅርብ አለቃውን መቃወሙ ነው። በ2015 ዓ.ም. የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ ቁጥር 1294 ሲወጣ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የመጀመሪያው ሲሆን፣ በየመምህራን ካፌው ተስፋ ተሰምቶ ነበር። ያኔም ዛሬም የምጠይቀው፣ ገዝነቱ ከሚኒስቴሩ ወደ ግቢው በር ከደረሰ በኋላ ከበሩ እስከ ትምህርት ክፍሉ ድረስ ማን ያደርሰዋል የሚለውን ነው።

የዕድሩ ደብተር

ከጥቂት ወራት በፊት አባቴ ስለታመመ የአንድ ዓመት ፈቃድ ወስጄ ጎንደር ተመለስኩ። አባቴ ከቀሐ ወንዝ ብዙም በማይርቅ ሰፈር ባለ አንድ ዕድር ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ አባል ነው፤ መሄድ ስላቃተው በእሱ ፈንታ እኔ እሄዳለሁ። ስብሰባው በወር አንድ ጊዜ፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ድንኳኑና ድስቱ በሚቀመጥበት የቆርቆሮ መጋዘን ደጃፍ ነው። ወንበሮቹ የዕድሩ ናቸው፤ ከኋላቸው በቀይ ቀለም ቁጥር ተጽፎባቸዋል።

ስብሰባ የሚከፈተው ያለፈው ወር ቃለ ጉባኤ በጸሐፊው ተነብቦ ነው። ጸሐፊው ወጣት ነው፣ የሚሠራውም ባንክ ነው፤ ፈጥኖ ያነባል። የመጀመሪያው ቀን እንደ ልማዴ ስልኬን አወጣሁ። ጸሐፊው «ሊቀ መንበሩ የወር መዋጮው ከ50 ብር ወደ 80 ብር ከፍ ማለት እንዳለበት ያብራሩ ሲሆን፣ አባላቱም በጉዳዩ ተስማምተዋል» ብሎ ወደሚቀጥለው ሊያልፍ ሲል፣ ከፊተኛው ረድፍ አንድ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ከዘራቸውን ብድግ አደረጉ።

«ጸሐፊ፣ እዚያች ላይ ቁም። ምን አልክ?»

«ተስማምተዋል ነው ያልኩት፣ አባባ።»

«ማን ተስማማ? ሊቀ መንበሩ ነገሩን፤ እኛም ሰማን፤ ዝናብ መጣና ተበተንን። ተነገረን በል እንጂ ተስማማን አትበል። መስማትና መስማማት አንድ ነው እንዴ?»

ጥቂት ሰው ሳቀ። ሊቀ መንበሩ ትንሽ ቅር ብሏቸው «ጭማሪውን ይቃወሙታል ማለት ነው?» አሏቸው። ሽማግሌውም «እኔ? ምን በወጣኝ! ድንኳኑ ተቀዶ የለም ወይ? እንዲያውም 80 ብር አንሷል ባይ ነኝ። የምናገረው ስለ ጽሑፉ ነው» አሉ። ጸሐፊው ቃሉን በአንድ መስመር ሰረዘው፤ ከላዩ «ተነገራቸው» ብሎ ጻፈና በጎኑ ፈረመ። ከዚያ ጉዳዩ ለውይይት ተከፈተ። አንዲት እናት የጡረተኞቹ ነገር እንዴት ይሆናል ብለው ጠየቁ፤ ሌላ ሰው ጭማሪው ከመስከረም ቢጀምር አለ፤ እጅ ተቆጠረ። በ80 ብር ጸደቀ፤ ባላቸው የሞቱባቸውና ጡረተኞች በ60 እንዲቀጥሉ ተባለ። ሃያ ደቂቃ ያህል ፈጀ።

እኔ ስልኬን ኪሴ ከትቼ ነበር። ፊቴ ሲግል ይታወቀኛል። ሁለት ዓመት ሙሉ የደረሰብኝን ነገር ስም ላወጣለት ስሞክር ቆይቼ ነበር፤ ማታለል እንዳልል ዲኑ አልዋሹኝም፣ ማስገደድ እንዳልል ማንም አላስገደደኝም። ሽማግሌው በአንድ ፊደል ልዩነት ጨረሱት። የተነገረኝን ነገር እንደተስማማሁበት አድርገው ጻፉት፤ እኔም ያን ቀን ቃለ ጉባኤው ተነብቦ ይታረም ሳልል፣ በሚቀጥለው ስብሰባም «ያለፈው ቃለ ጉባኤ ተነብቧል በሚል እንለፈው» ሲባል ራሴን ነቅንቄ አለፍኩት። አዎ፣ እንደዚያ ነበር የሚባለው፤ በዚያ ኮሚሽን ውስጥ በቆየሁበት ጊዜ ሁሉ ቃለ ጉባኤ ድምፅ ከፍ ተደርጎ ሲነበብ አንድ ቀን አልሰማሁም።

ከስብሰባው በኋላ ሽማግሌውን እስከ ቤታቸው ሸኘኋቸው። «አባባ፣ የሚደግፉት ነገር ከሆነ ለአንዲት ቃል ይህን ያህል ምን አደከመዎት?» አልኳቸው። ጥቂት ከሄድን በኋላ፣ «ልጄ፣ ነገ ገንዘቡ ቢጎድል ማንን ልጠይቅ ነው? ተስማማን ተብሎ ከተጻፈ እኮ እኔም ከተጠያቂዎቹ አንዱ ነኝ። ተነገረን ከተባለ ግን እኔ ጠያቂ ነኝ» አሉኝ። ከዚያ ስለ አባቴ ሕመም ጠየቁኝ፤ ስለ ዕድሩ ደግመው አላነሡም።

የዝም ማለታችን ምክንያቶች

እኚህ ሰው አራተኛ ክፍልን መጨረሳቸውን አላውቅም። እኔና አብረውኝ የተቀመጡት ሰዎች ደግሞ ከመካከላችን ሁለተኛ ዲግሪ የሌለው አልነበረም። የተማረ ይግደለኝ የሚለው ሕዝብ ያን ቀን አዳራሻችንን ቢያይ ምን ይል እንደነበር እያሰብኩ ብዙ ምሽት አሳልፌያለሁ።

ፍርሃት አለ፤ ምክንያትም አለው። በ1985 ዓ.ም. ታዋቂውን የቀዶ ጥገና ሐኪም ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስን ጨምሮ ከ40 በላይ መምህራን ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መሰናበታቸውን ከእኔ በፊት የነበረው ትውልድ አልረሳውም፤ ለእኛም ያወረሰን ታሪኩን ብቻ አይደለም፣ ጥንቃቄውንም ጭምር ነው። ነገር ግን በዚህ ታሪክ ጀርባ ተደብቄ ራሴን ነፃ ማውጣት አልችልም። ያን ዓርብ አምስተኛው አጀንዳ ላይ እጄን ባነሣ ማንም አያባርረኝም ነበር። የፈራሁት ስብሰባው እንዳይረዝም ነው። የመምህራን ሰርቪስ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ይነሣ ነበር።

ስለ ራሳችን ሌላም የምናውቀው ነገር አለ። የኦቨርሎድ፣ ማለትም ከመደበኛው በላይ የማስተማር፣ ክፍያ አጀንዳ ሲሆን የትምህርት ክፍል ስብሰባ ወንበር አይበቃውም፤ የሥርዓተ ትምህርት ክለሳ ሲሆን ምልዐተ ጉባኤ አይሞላም፣ ኃላፊው በስልክ ይለምናል። በኮሚቴ መሥራት ሎድ ተብሎ ከመደበኛ ሥራ አይቆጠርም፤ ለማዕረግ ዕድገትም የሚፈይደው ጥቂት ነው፣ ስለዚህ ገና የተቀጠረውን ረዳት ምሩቅ «አንተ ግባ» እንለዋለን። መምህራን ብቻቸውን የወሰኑባቸው ጉዳዮችም ሁልጊዜ የሚያኮሩ አይደሉም፤ ለጓደኛ የተሰጠ የማዕረግ ዕድገት፣ አስተማሪውን ላለማስከፋት ሳይታይ የታለፈ የተማሪ የውጤት አቤቱታ አይቻለሁ። ድርሻ ይገባናል የምንል ሰዎች ይህን ቀድመን ካልተናገርን ሌላው ይናገርልናል። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ እኛ ግን አጥራችንን በየዓርቡ ራሳችን ስንነቀንቅ ከርመናል።

የበጀቱ ችግርም እውነት ነበር። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው፤ በዚያ ዓመት የኮሌጁ ሁለት አውቶቡሶች ቆመው ነበር። ይበልጥ የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው። ጉዳዩ «ለመረጃ» ሳይሆን ለውሳኔ ቢቀርብና አንድ ሳምንት ቢሰጠን ኖሮ፣ እኔና ሦስት ባልደረቦቼ መልስ ነበረን። ከግቢው አጥር ጀርባ፣ በእግር የግማሽ ሰዓት መንገድ ላይ፣ ከቀይ እስከ ጥቁር ሦስት ዓይነት አፈር ያለበት ተዳፋት አለ። ሁለቱን ሳምንት እዚያ፣ ያለ አውቶቡስና ያለ አበል፣ ምሳ ከተማሪዎች ካፌ እየበላን፤ ለቀሩት አራት ቀናት ብቻ መኪና። ዲኑ የሚፈልጉት ቁጠባ አብዛኛው ይገኝ ነበር፤ የተማሪዎቹም ጣት ይለምድ ነበር። ይህን ሐሳብ ዲኑ ከራሳቸው ሊያመጡት አይችሉም ነበር፤ ያን ተዳፋት የሚያውቁት በመኪና ሲያልፉ ነው።

የመስክ ትምህርት ዋጋ ጎንደር ለሚያድግ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። እዚህ በ1954 እ.ኤ.አ. የጤና ኮሌጁ ሲከፈት፣ የጤና መኮንን፣ ነርስና ሳኒተሪያን ተማሪዎች በቡድን ሆነው ሕዝቡ መካከል ገብተው መማራቸው የሥልጠናው እምብርት ነበር። በልጅነቴ ቆላ ድባ ያሉ ዘመዶቻችን «ተማሪ ሐኪሞች» ሲሉ የሚያስታውሷቸው እነዚያን ነው። ሐኪም በስላይድ እንደማይሠራ ያኔም ይታወቅ ነበር።

በ2015 ዓ.ም. በሁሉም የቅድመ ምረቃ መርሐ ግብሮች የመውጫ ፈተና መሰጠት ሲጀምር ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ማለፍና መውደቅ ነበር። እኔ ግን የማስበው ያቺን ፎቶ ያሳየችኝን ልጅ ነው። ፈተናውን አልፋ ተመርቃለች፤ ፈተናው አፈር እንድታሽ አይጠይቃትም። አሁን በአንድ ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ትሠራለች፤ አንድ ቀን ደውላ የገበሬ ማሳ ላይ ሆና ስለ አንድ አፈር ጠየቀችኝ። «ጥብጣቡ ስንት ሆነ?» አልኳት። ዝም አለች። «መምህር፣ እሱን እንኳ በደንብ አልለመድነውም» አለችኝ።

ደብዳቤው

ከዕድሩ ስብሰባ በሳምንቱ ለኮሌጁ አካዳሚክ ኮሚሽን ደብዳቤ ጻፍኩ። አንድ ገጽ አልሞላም። የመስክ ልምምዱ ወደ ቦታው ይመለስ አላልኩም፤ እሱን ትምህርት ክፍሉ በራሱ መንገድ ያቅርበው። የጠየቅሁት የዚያ ዓርብ ቃለ ጉባኤ አምስተኛ አጀንዳ ላይ «በስፋት ከተወያየ በኋላ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» የሚለው «ለአባላቱ ተገልጿል» ተብሎ እንዲታረም፣ ካልታረመም የእኔ ማስተካከያ አብሮ እንዲያያዝ ነው። እንደዚሁም ከእንግዲህ አቴንዳንስ ከቃለ ጉባኤ ተለይቶ ይቀመጥ፣ ቃለ ጉባኤ ተነብቦ ለብቻው ይፈረም የሚል አንድ አንቀጽ ጨመርኩ። ቅጂውን ለማንም አላበዛሁም። ባልደረባዬ ይዞልኝ ገባ፤ መዝገብ ቤት ቁጥር ሰጥቶ ማኅተም መታበት።

ከአሥር ቀን በኋላ ያ ጉሮሮውን ጠርጎ ዝም ያለው መምህር ደወለልኝ። ደብዳቤው በአጀንዳነት ተይዞ እንደነበረ፣ «ልጆቹ ተመርቀው ሄደው ምን ይጠቅማል?» ተብሎ ወደ ሌላ ቀን እንደተዛወረ ነገረኝ። አዲሱ ሰብሳቢ አልተቆጡም፤ ግራ ነው የገባቸው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ግን አንድ ነገር ልንገርህ፤ ያን ቀን አቴንዳንሱ ሲዞር አንድ ሁለት ሰው ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን አየ» አለኝ።

ያን ምሽት የዕድሩ ጸሐፊ ደብተሩን ላስፈርም ብሎ አባቴ ቤት መጥቶ ነበር። አባቴ ከአልጋው ቀና ብሎ እስክሪብቶውን ተቀበለ፤ መነጽሩ የት እንዳለ ጠየቀኝ። ፈልጌ አመጣሁለት። ጸሐፊው ቡናውን እየጠጣ፣ አባቴ ሁለቱን ገጽ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ ሲያነብ ቁጭ ብለን ጠበቅነው።